ሐዲዱን ጎርፍ ሲወስደው ማቹ ፒቹ እንዴት ቆመች?

ማቹ ፒቹን በፎቶ ያላየ ጥቂት ነው፤ ከሾጣጣ አረንጓዴ ተራራ ፊት ለፊት የተዘረጋች፣ ጣሪያ የሌላት የድንጋይ ከተማ። እኔና ባለቤቴ ልናያት ፔሩ ድረስ ስንሄድ ግን ኪሳችን ባዶ ለመሆን የቀረው ጥቂት ነበር። ተራራው ሥር የሚያደርሰው የቱሪስት ባቡር ዋጋ ለእኛ የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ እንደኛ ገንዘብ ያጠራቸው መንገደኞች የሚሄዱበትን መንገድ ያዝን። ከኩስኮ ከተማ ተነስተን፣ ከ4,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ተራራ ተሻግረን፣ ስድስት ሰባት ሰዓት በሚኒባስ እስከ አንድ የውሃ ኃይል ማመንጫ ድረስ ተጓዝን። ከዚያ ወዲያ ያለው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ በእግር ነው፤ የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ።

ሚኒባሱ ያወረደን ቦታ ላይ ሐዲዱ ያበቃል። ባለቤቴ ዙሪያውን አየና «ቆይ፣ ባቡር እኮ አንድ ከተማ ደርሶ ነው የሚቆመው። እዚህ ምን አለና ነው የቆመው?» አለኝ። ሙዝ የሸጠችልንን ሴትዮ በተሰባበረ ስፓኒሽ ጠየቅናት። እጇን ወደ ወንዙ ዘርግታ «ወንዙ ወሰደው» አለችን።

እውነቷን ነው። መስመሩ ድሮ ከዚያ አልፎ ኪያባምባ እስከምትባል ከተማ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 መጀመሪያ ላይ ጭቃና ቋጥኝ የቀላቀለ ጎርፍ ከተራሮቹ ወረደ። የኃይል ማመንጫውን ቀበረው፣ ሳንታ ቴሬሳ የተባለችውን ትንሽ ከተማ አፈረሳት፣ ሐዲዱንም በጠሰው። በ2010 መጀመሪያም ጎርፍ የባቡር መንገዱን እንደገና ቆርጦት በሺዎች የሚቆጠሩ ቱሪስቶች በሄሊኮፕተር መውጣት ግድ ሆነባቸው።

ብረትና ኮንክሪት እንዲህ ሲሆን፣ እላይ ያለችው ከ500 ዓመት በላይ የሆናት ከተማ ግን ዛሬም አለች። ለምን?

የመልሱ ግማሽ ቀላል ነው። ከተማዋ ከኡሩባምባ ወንዝ 400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተራራ ጀርባ ላይ ነው የተሠራችው፤ የወንዝ ጎርፍ አይደርስባትም። ግን እዚያ ሌላ ጠላት አለ፤ እሱም ዝናብ ነው። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርድባታል፤ ከአዲስ አበባው በብዙ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ውሃ ገደላማ መሬት ላይ ሲወርድ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት።

ሐዲዱን ስንከተል ውለን ማታ አጓስ ካሊዬንቴስ ገባን። የከተማዋ ስም ትርጉሙ «ፍል ውሃ» ነው፤ ስንሰማው አገራችን የገባን መስሎን ሳቅን። በማግስቱ የአውቶቡሱንም ገንዘብ ለማዳን የድንጋዩን ደረጃ በእግራችን ወጣነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ዝናቡ መንገድ ላይ ጀምሮ እላይ ስንደርስም አላቆመም። ልብሳችን ሁሉ ራሰ። ከተማዋ መሃል ያለው ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ግን ውሃ አልተኛም። «ይሄ ሁሉ ዝናብ የት ገባ?» አልን።

ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት በቁም ነገር የያዙት ሰዎች አሉ። አሜሪካዊው የውሃ መሐንዲስ ኬኔት ራይትና ፔሩያዊው አርኪዮሎጂስት አልፍሬዶ ቫሌንሲያ ሴጋራ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የከተማዋን የውሃ ሥራ አጥንተዋል። እንደ ራይት ግምት ከጠቅላላው የግንባታ ሥራ 60 በመቶ ያህሉ ያለው ከመሬት በታች ነው። ፎቶ ላይ የምናየው ትንሹን ክፍል ነው ማለት ነው።

ከመሬት በታች ያለው ምንድን ነው? እርከኖቹን እንመልከት። አንድ እርከን ሲሠራ ከታች ትልልቅ ድንጋይ ይደረጋል፣ በላዩ ጠጠር፣ ቀጥሎ አሸዋማ አፈር፣ መጨረሻ ላይ ለም አፈር። ዝናቡ እየሰረገ ይወርድና በድንጋዮቹ መሃል ሾልኮ ይሄዳል። ከመሃል ሜዳው ሥር ደግሞ ድንጋይ ሲጠረብ የተራረፈው ፍርካሽ ወፍራም ሆኖ ተነጥፏል። ግንበኞቹ «ቆሻሻቸውን» እንኳ ለሥራ አውለውታል። በግድግዳዎቹ ውስጥም ከመቶ በላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ትተዋል።

ይህ ለምን አስፈለገ? ውሃ የጠጣ አፈር ከደረቁ ይከብዳል። ውሃው መውጫ ካጣ ደግሞ ግድግዳውን ከኋላ ይገፋዋል። ግድግዳው አንድ ቀን ይቀደዳል፤ አፈሩም ተንሸራቶ ሌላውን ይዞ ይወርዳል። የኢንካ ግንበኞች ከውሃው ጋር ግብግብ አልገጠሙም፤ መሄጃ ሰጡት።

እቤት ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሁለት የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙሶችን አናታቸውን ቁረጡና ሥራቸውን ብሱ። አንዱን በአፈር ብቻ ሙሉ። ሌላው ውስጥ ከታች ጠጠር፣ መሃል አሸዋ፣ ከላይ ጥቂት አፈር አድርጉ። ሁለቱ ላይ እኩል ውሃ አፍስሱና የትኛው ቶሎ እንደሚያፈስ፣ የትኛው ጭቃ እንደሚሆን እዩ።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። ብዙ መጻሕፍት ማቹ ፒቹን ያገኛት አሜሪካዊው ሂራም ቢንጋም ነው ይላሉ። እሱ እዚያ የደረሰው እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 1911 ነው። ግን ብቻውን አልደረሰም፤ ሜልቾር አርቴያጋ የተባለ የአካባቢው ገበሬ አንድ ሶል (የፔሩ ገንዘብ ነው) ተከፍሎት መራው። እላይ ሲወጡም ሪቻርቴና አልቫሬስ የተባሉ ቤተሰቦች እዚያው ይኖሩ ነበር። አጉስቲን ሊሳራጋ የተባለ ሌላ የአካባቢው ሰው ደግሞ ከ9 ዓመት በፊት ስሙንና 1902 የሚለውን ዓመት ግድግዳ ላይ ጽፎ ሄዶ ነበር። «የጠፋችው ከተማ» የጠፋችው እንግዲህ ከሩቅ ሰው እንጂ ከጎረቤቶቿ አልነበረም።

እነዚያ ቤተሰቦች ምን ይሠሩ እንደነበርም ልብ በሉ፤ በጥንቶቹ እርከኖች ላይ ያርሱ ነበር። በ2021 የታተመ የአጥንት የካርቦን ምርመራ እንደሚያሳየው ከተማዋ ከ1420 ገደማ ጀምሮ ሰው ነበረባት። ሠሪዎቿ ጥለዋት ከሄዱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶም እርከኑ አፈሩን ይዞ፣ ውሃውን አሳልፎ፣ ሰው ያበላ ነበር።

ይህ ታሪክ ለእኛም ቅርብ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ሲፈለፈሉ ዙሪያቸው የውሃ መውረጃ ቦዮችም አብረው ተቆፍረዋል። ቦዮቹ ግን ለመቶዎች ዓመታት በአፈር ተደፍነው ቆዩ፤ የተጠረጉት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ውሃው እስከዚያ መሄጃ አጥቶ አለቱን ክፉኛ ጎዳው፤ ጉዳቱ ዛሬም ጥገና ይጠይቃል። ሕንፃውን የሚያደንቅ ሞልቷል። ቦዩን የሚጠርግ ከሌለ ግን ሕንፃውም አይቆይም።

ስንመለስ ያንኑ 10 ኪሎ ሜትር በሐዲዱ ዳር በእግራችን ሄድነው። የባለቤቴ ጫማ ተቀዶ በገመድ አስሮት ነበር። ግን በየድልድዩ ሥር ጎንበስ እያለ ውሃው በየት እንደሚያልፍ ያይ ነበር። እናንተም ጎንደር፣ ላሊበላ ወይም አክሱም ስትሄዱ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ እዚህ የሚዘንበው ዝናብ የት ይሄዳል?