«71 ከመቶ» የማን ቁጥር ነው?

በሴቶች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት ሲወራ አንድ ቁጥር ደጋግሞ ይነሳል፦ «ከ100 ኢትዮጵያውያን ሴቶች 71ዱ በባላቸው ተጠቅተዋል»። አንዱ ይሟገትበታል፣ ሌላው «ስም ማጥፋት ነው» ብሎ ይቆጣል። ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የመጣው ከእኛው ሰፈር፣ ከቡታጅራ ዙሪያ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1979 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በያኔው መስቃንና ማረቆ ወረዳ የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን ጀመረ። እንሴኖም ያኔ በዚሁ ወረዳ ውስጥ ነበረች። ወረዳውን በሙሉ መከታተል ስለማይቻል 10 ቀበሌዎች ተመረጡ፤ 9ኙ የገጠር፣ 1ዱ የቡታጅራ ከተማ። አመራረጡ በዕጣ ሆኖ፣ ብዙ ሕዝብ ያለበት ቀበሌ የመውጣት ዕድሉም በዚያው ልክ ከፍ እንዲል ተደረገ። የናሙና ንድፈ ሐሳብ ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው። መኪና የሚገባበት ቀበሌ ብቻ ቢመረጥ ኖሮ መንገድ የሌለው ገበሬ ከቁጥሩ ውጭ በቀረ ነበር።

ከዚያ ቤት ለቤት ቆጠራ ተካሄደ። የተወለደ፣ የሞተ፣ የመጣ፣ የሄደ እየተመዘገበ ዓመታት አለፉ።

መዝገቡ ሞትን ቢይዝም ምክንያቱን አይነግርም፤ ብዙ ሰው ሐኪም ሳያየው ቤቱ ይሞታልና። ስለዚህ ቤተሰብ ይጠየቃል፦ ትኩሳት ነበረው? ሳልስ? እዚህ ላይ ሌላው የስታቲስቲክስ ዘርፍ፣ የቤዝ ስሌት ይገባል። በሽታው አስቀድሞ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ይወሰድና በእያንዳንዱ መልስ ዕድሉ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። በዚህ ስሌት የሚሠራ ዘዴ ቡታጅራ ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል።

አሁን ወደ 71 እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች ባስጠናው የሴቶች ጤና ጥናት ከኢትዮጵያ የተካተተው ቡታጅራ ብቻ ነበር። ናሙናው ከዚያው መዝገብ በዕጣ ወጥቶ 3,016 ሴቶች ተጠየቁ። ባል ወይም አጋር ከነበራቸው መካከል 71 ከመቶዎቹ በሕይወት ዘመናቸው በአጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። በዚህ የናሙና መጠን ከዕጣው የሚመጣው ስህተት ወደ 2 ነጥብ ገደማ ቢሆን ነው። ጠንካራ ግምት ነው።

ግን የማን ግምት? ዕጣው የደረሰው እስከ ወረዳው ወሰን ነው። የጎንደርና የጅማ ሴት ከመጀመሪያውም በዕጣው ውስጥ አልነበረችም። ለእንሴኖም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል፤ ዙሪያውን ያለውን ገጠር በደንብ ይወክላል፣ የከተማዋን ነዋሪ ግን በአንድ የቡታጅራ ቀበሌ ብቻ መገመት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስሜታዊ ጥቃትን ጨምሮ 34 ከመቶ አካባቢ አግኝቷል። የአጠያየቁ ልዩነት እንዳለ ሆኖ፣ አንዱ ጥናት ሌላውን ውሸታም አያሰኝም። የተጠየቀው ሕዝብ ሌላ ነው።

ስለዚህ «የኢትዮጵያ ሴቶች 71 ከመቶ» የምትሉ፣ ተዉት፤ ከዕጣው በላይ እየተናገራችሁ ነው። «የአገር ቁጥር አይደለም» ብላችሁ የምትገላገሉም እዚህ አካባቢ ተወልዳችሁ ከሆነ አታመልጡም። ቁጥሩ ለአገር ሲሰፋ ይሳሳታል፤ ስለ ጎረቤቶቻችን ሲነገር ግን እውነት ነው።