ተዉት ያልቅስ!

እሹሩሩ እየተባልን ላደግነው ለእኛ ይህ የአሜሪካኖች ታሪክ ግራ ያጋባል። የኒውዮርኩ የሕፃናት ሐኪም ኤሜት ሆልት እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለቅሶ ለሕፃን ስፖርት ነው፤ በቀን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቢያለቅስ አይበዛም አለ። የሥነ ልቦና ሊቁ ጆን ዋትሰን ደግሞ በ1928 ጭራሽ አባሰው፤ ልጆቻችሁን አትቀፉ፣ ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ጨብጡ ብሎ መከረ። (አለቃ ናቸው እንዴ?)

ስንቷ እናት ከበሩ ጀርባ ቆማ፣ ሰዓቷን እያየች አብራ አልቅሳ ይሆን? አንጀቷ ግቢ ይላታል፣ መጽሐፉ ተዪው ይላታል።

በ1946 ቤንጃሚን ስፖክ በራሳችሁ ተማመኑ ሲላቸው መጽሐፉ እንደ ጉድ ተሸጠ። በ1972 ሲልቪያ ቤልና ሜሪ አይንስወርዝ ባልቲሞር ውስጥ 26 ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ያጠኑትን አወጡ፤ ሲያለቅሱ ቶሎ የተደረሰላቸው ሕፃናት ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ ለቅሷቸው ቀንሶ ተገኘ። ምሁራኑ በዚህም ተጨቃጨቁ።