የአረም ዘር ወደ ማሳ እንዳይመለስ፡ በአጨዳና በውቂያ ወቅት የሚደረግ ጥንቃቄ

ሰብል ሲደርስ የአርሶ አደሩ ዐይን የሚያርፈው በዛላው ላይ ነው። በዚያው ማሳ ከነቀላ ተርፎ የቆየ ሙጃ፣ ሲናር ወይም እንክርዳድም ግን በዚሁ ሰሞን ያፈራል። በኅዳርና በታኅሣሥ የረገፈ ወይም ከእህል ጋር ተወቅቶ ጎተራ የገባ የአረም ዘር በመጪው ክረምት ተመልሶ ይበቅላል። ስለዚህ አረምን መቆጣጠር በሐምሌና በነሐሴ የሚያበቃ ሥራ አይደለም።

የአረም ዘር ለምን ያሰጋል?

ማሽላና በቆሎን የሚያጠቃው አቀንጭራ አንድ እግሩ ብቻ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር፣ እንደ አቧራ የደቀቀ ዘር ይሰጣል። ይህ ዘር ከ10 ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። የእንክርዳድ ጉዳት ደግሞ እስከ ማዕድ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ በፍሬው ውስጥ ከሚኖር ፈንገስ ጋር በተያያዘ መርዝ ምክንያት፣ ከስንዴ ጋር ተፈጭቶ ሲበላ ራስ ያዞራል፤ ያስመልሳል። ከገበያ ስንዴ ገዝቶ የሚያስፈጭ የከተማ ነዋሪም አበጥሮና ለቅሞ ማስፈጨት ያለበት ለዚህ ነው።

ከአጨዳ በፊት

ሲናር ብዙውን ፍሬ የሚያረግፈው ስንዴው ሳይታጨድ ነው። ስለዚህ ፍሬው ሳይበስል ነቅሎ ማውጣት ይገባል፤ የበሰለ ከተገኘ ዛላውን በጆንያ እየቆረጡ ከማሳ ማውጣት ይሻላል። ጉልበት ካነሰ ቅድሚያ የሚሰጠው ለዘር ለሚሆነው ክፍል ነው። ያበበና ያፈራ አቀንጭራ ተነቅሎ በድንበር ላይ ከተጣለ ዘሩ ስለማይጠፋ ሰብስቦ ማቃጠል ያስፈልጋል። ፓርቲኒየም ቆዳንና መተንፈሻን ስለሚያስቆጣ የሚነቅል ሰው ጓንት ማድረግ፣ አፍና አፍንጫውንም መሸፈን አለበት።

በአጨዳና በአውድማ

በመጀመሪያ ንጹሑን ክፍል፣ በመጨረሻም አረም የበዛበትን ማጨድ ይመከራል። ነዶው በአንድ ላይ ከተከመረ የጥቂት ጥማድ አረም የሙሉ ማሳውን ምርት ያበላሻል፤ ክምሩም ውቂያውም መለየት አለበት። አውድማው ከቀደመው ውቂያ ትራፊ ተጠርጎ፣ ከተቻለ ሸራ ተነጥፎበት ሥራው ይጀመር።

መንሽና ላይዳ ገለባውን ከፍሬው ይለያሉ። የእንክርዳድ ፍሬ ግን በመጠን ከስንዴ ስለሚቀራረብ ነፋስ ብቻውን አያወጣውም፤ ወንፊትና የእጅ ለቀማ ይጨመርበታል። የተለየውን ግርድ በማሳ ዳር መድፋት አረሙን መልሶ መዝራት ነው። እንክርዳድ ያለበት ግርድ ለከብትም ለዶሮም ሊሰጥ አይገባም፤ እሳት እንዳይዛመት በተጠነቀቁበት ቦታ ይቃጠል።

ኮምባይነር የሚከራይ አርሶ አደር ማሽኑ ወደ ማሳው ከመግባቱ በፊት እንዲጸዳ መጠየቅ አለበት። ከጎረቤት ማሳ የቀረ የአረም ዘር በማጨጃውና በእህል መያዣው ተሸክሞ ይመጣልና። ማሽኑ ገለባውን ከኋላ ሲበትን የአረሙን ዘርም በማሳው ሁሉ ያዳርሳል። በአውስትራሊያ ብዙ አረሞች ፀረ አረም ኬሚካልን በመላመዳቸው፣ አርሶ አደሮች እብቁን ለይተው ይሰበስባሉ ወይም ከኮምባይነር ጋር በተገጠመ ወፍጮ የአረሙን ዘር ያደቅቃሉ።

ከውቂያ በኋላ

ብዙ የአረም ዘር በከብት ሆድ ውስጥ አልፎም ይበቅላል። አረም የነበረበትን ጭድ የበሉ ከብቶች ፍግ በጥሬው ማሳ ላይ ከመበተን፣ ኮምፖስት ሆኖ እስኪበስል እየተገላበጠ ቢቆይ ሙቀቱ አብዛኛውን ዘር ይገድላል። ጭድ ገዝተው የሚያደልቡ የከተማ ነዋሪዎችም ፍጉን ለጓሮ አትክልት ሲያውሉ ይህንኑ ማድረግ ይኖርባቸዋል።

ሙጃና ሲናር የበዛበትን የስንዴ ማሳ በቀጣዩ ዓመት በባቄላ ወይም በአተር ማፈራረቅ አረሙን ለይቶ ለመንቀል ያመቻል። በመጨረሻም ለዘር የተቀመጠውን እህል ወደ ጎተራ ከማስገባት በፊት ከላይ፣ ከመካከልና ከታች አንዳንድ እፍኝ ዘግኖ በሰፌድ ላይ ማየት ይገባል። በእፍኙ ውስጥ የታየ የአረም ፍሬ በክረምት በማሳው ላይ የሚጠብቅ ሥራ ነው።