የባቡር መንገድ የባሕር በር ለሌላት ሀገር፦ ከጅቡቲ ጠረፍ እስከ አርሶ አደሩ ማሳ

ከ90 በመቶ በላይ የሚኾነው የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ የሚተላለፈው በጅቡቲ በኩል ነው። በየዓመቱ ለመኸር እርሻ የሚገባው የአፈር ማዳበሪያም የሚጓዘው በዚሁ መስመር ነው። በመኾኑም የባሕር በር ለሌላት ሀገር የባቡር መንገድ ለተጓዥ ከሚሰጠው ምቾት ባሻገር የእርሻ ግብዓት በወቅቱ መድረስ አለመድረሱን፣ የከተማ ነዋሪውም ለሸቀጥ የሚከፍለውን ዋጋ የሚነካ ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው ምድር ባቡር

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡር መንገድ ሥራ ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነው። ግንባታው በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም ወደ ሐረር ተራሮች ግርጌ ሲደርስ የድሬዳዋ ከተማ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነበር። 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውና የአንድ ሜትር ስፋት የነበረው ይህ መስመር ለበርካታ አሥርት ዓመታት ካገለገለ በኋላ በእርጅና ተዳክሞ ቦታውን ለአዲስ መስመር ለቅቋል።

አዲሱ መስመር

የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም ሲቋቋም ወደ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ብሔራዊ መረብ የመዘርጋት ዕቅድ ተይዞ ነበር። ቀድሞ የተጠናቀቀው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ነው። መስመሩ በመስከረም 2009 ዓ.ም ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ባቡሩ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ ሲኾን የአክሲዮን ማኅበሩ 75 በመቶ ድርሻ የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው ደግሞ የጅቡቲ ነው። ለግንባታው ከዋለው ገንዘብ አብዛኛው ከቻይና የተገኘ ብድር ነው። ብድሩ የሚመለሰው በውጭ ምንዛሪ በመኾኑ ጥቂት ባቡሮች ብቻ የሚመላለሱበት ሐዲድ ዕዳውን ሊሸከም አይችልም።

ባቡር ለማዳበሪያ ምን ያደርጋል?

ጥቅሙን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። ሃምሳ ፉርጎ የሚጎትት አንድ የጭነት ባቡር በእያንዳንዱ ፉርጎ 600 ኩንታል ቢጭን በአንድ ጉዞ 30 ሺህ ኩንታል ያደርሳል። አንድ ባለ ተሳቢ መኪና 400 ኩንታል ቢይዝ ይኸው ጭነት 75 መኪኖችን ይፈልጋል። ለአንድ ሄክታር ሁለት ኩንታል ቢታሰብ ደግሞ የአንዱ ባቡር ጭነት ለ15 ሺህ ሄክታር ማሳ ይዳረሳል።

በዚህ ላይ ጊዜ አለ። ኤንፒኤስ ከዘር ጋር አብሮ የሚጨመር ማዳበሪያ ነው፤ ዩሪያ ደግሞ በአብዛኛው ሰብሉ ከበቀለ በኋላ ይጨመራል። ዘር ከተዘራ በኋላ የሚደርስ ኤንፒኤስ የገንዘቡን ያህል አይጠቅምም። መኪና በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነዳጅ ሲፈልግ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን በዋናነት ከሀገር ውስጥ ውኃ በሚመነጭ ኃይል መሄዱም ሌላው ጥቅም ነው።

ሐዲድ መዘርጋት ብቻውን አይበቃም

ለወሎና ለአካባቢው ነዋሪ ቅርብ የኾነው ምሳሌ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አቅራቢያ እስከምትገኘው ሃራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ነው። ያፒ መርኬዚ የተባለው የቱርክ ተቋራጭ ሥራውን በ2007 ዓ.ም ጀመረ። ዋሻዎች ተፈለፈሉ፣ ድልድዮች ተሠሩ፤ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሐዲድም ተዘረጋ። ኾኖም ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ኃይል በወቅቱ አልቀረበም። አገልግሎት ሳይጀመር የቆየው መስመር በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ወደ አካባቢው ሲዘልቅ ለጉዳትና ለዝርፊያ ተዳረገ። ከሃራ ገበያ ወደ መቀሌ የተጀመረው ግንባታም በጦርነቱ ተቋርጧል።

ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክና ደረቅ ወደብ አላት። በዕቅዱ መሠረት ከሃራ ገበያ በሰመራ በኩል ወደ ታጁራ ወደብ፣ በወረታ በኩል ደግሞ ወደ መተማ የሚያደርሱ መስመሮች ይቀጥላሉ። የመተማ ሰሊጥም ኾነ የወሎ ማሽላና ጤፍ ከባቡር ጋር የሚገናኙት እነዚህ መስመሮች ሲጠናቀቁ ነው።

የሐዲድ ስፋት ለምን ያከራክራል?

አዲሶቹ የኢትዮጵያ መስመሮች 1 ነጥብ 435 ሜትር ስፋት አላቸው። የሱዳን ነባር ሐዲድ ግን 1 ነጥብ 067 ሜትር ነው። ስፋታቸው የተለያየ ሐዲዶች ድንበር ላይ ሲገናኙ ጭነቱ ከአንዱ ፉርጎ ወደ ሌላው መገልበጥ አለበት፤ ይህም ተጨማሪ ጊዜና ወጪ ያስከትላል። ስለዚህ የባሕር በር የሌላት ሀገር የባቡር ዕቅዷን ከጎረቤቶቿ ጋር ተነጋግራ ማዘጋጀት ይኖርባታል።

ከጣቢያ እስከ ቀበሌ

ባቡር ጭነቱን የሚያደርሰው እስከ ጣቢያ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ማዳበሪያው ወደ ዩኒየን መጋዘን፣ ቀጥሎም ወደ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚሄደው በከባድ መኪናና በአይሱዙ ነው። ከጣቢያው አጠገብ በቂ መጋዘንና የጭነት ማንሻ ከሌለ፣ የገጠሩም መንገድ በዝናብ የሚቆረጥ ከኾነ በባቡር የተረፈው ጊዜ በማራገፍና በመጠበቅ ያልቃል። አርሶ አደሮች ምርታቸውን በማኅበር አሰባስበው ሙሉ ፉርጎ የሚሞላ ጭነት ካላዘጋጁ ደግሞ ባቡሩ ገቢ ዕቃ አራግፎ ሲመለስ ባዶውን ይሄዳል፤ የባዶው ጉዞ ወጪም በገቢው ዕቃ ላይ ይታከላል።

በመስመሩ ዳር ለሚኖሩ

ባቡር ፍሬን ከያዘም በኋላ ብዙ ርቀት ተንሸራቶ ነው የሚቆመው። በመኾኑም ከብቶችን በተዘጋጁ መሻገሪያዎች ብቻ ማሻገር የሰውንም የእንስሳቱንም ሕይወት ያተርፋል። የኤሌክትሪክ ሽቦና የሐዲድ ብሎን ስርቆት መስመሩን በሙሉ ሊያቆም ስለሚችል ጥበቃው የአካባቢውን ነዋሪ ትብብር ይፈልጋል። መሬቱ ለባቡር ሥራ የሚፈለግበት ባለይዞታ ደግሞ በሕግ ካሳ የማግኘት መብት አለው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በስሙ መኾኑንና በመሬቱ ላይ ያለው ቋሚ ተክልና ሰብል በትክክል መመዝገቡን ርክክቡ ሳይፈጸም ማረጋገጥ ይገባዋል።