ሠራተኛን በተርታ መደርደር፦ ታሪኩና ጉዳቱ

የበጀት ዓመቱ ሲገባደድ በየጤና ተቋሙ የሥራ አፈፃፀም መመዘኛ ቅጽ ይሞላል። እኔም በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊ ሳለሁ ስድስት ነርሶችን ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ በተርታ እንዳስቀምጥ ታዝዤ ነበር። ስድስተኛ የወጡት ነርስ ዓመቱን ይበልጡን በሌሊት ተራ ያሳለፉ፣ ጽኑ ሕሙማንን ብቻቸውን ሲያስታምሙ የከረሙ ናቸው። «ጥፋቴ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ።

ይህ ዓይነቱ አሠራር ገናና የሆነው በአሜሪካ ነው። ጃክ ዌልች እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 2001 ጄኔራል ኤሌክትሪክን ሲመሩ፣ የሥራ ኃላፊዎች ሠራተኞችን በሦስት እንዲከፍሉ አደረጉ፤ 20 ከመቶው ምርጥ፣ 70 ከመቶው መካከለኛ፣ 10 ከመቶው ዝቅተኛ ይባላል። ከታች የቀሩት ይሰናበቱ ነበር። ሌሎች ታላላቅ ኩባንያዎችም ይህንኑ ተከተሉ።

ይሁን እንጂ ተቃውሞው የዚያኑ ያህል የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ለጃፓን መሐንዲሶች የጥራት ቁጥጥርን ያስተማሩት የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤድዋርድስ ዴሚንግ፣ በ1986 ባሳተሙት መጽሐፍ ዓመታዊ የሠራተኛ ምዘናን ከአስተዳደር ገዳይ በሽታዎች አንዱ አድርገው ቆጥረውታል። ምክንያታቸውንም በዶቃ ያሳዩ ነበር። ከዶቃዎቹ 20 ከመቶው ቀይ፣ የቀሩት ነጭ ናቸው። ስድስት «ሠራተኞች» ዓይናቸው ሳይመርጥ በአንድ ጊዜ 50 ዶቃ በሚይዝ መሣሪያ ይጨልፋሉ፤ ቀዩ ዶቃ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። የሚጠበቀው አማካይ 10 ቢሆንም አንዱ 6፣ ሌላው 14 ሊያወጣ ይችላል። አለቃው የመጀመሪያውን ያመሰግናል፣ ሁለተኛውን ይወቅሳል። ልዩነቱን ያመጣው ግን ዕድል ነው፤ ቀዩን ዶቃ ከሣጥኑ የጨመረው ሠራተኛው አይደለም።

በሕክምናም ተመሳሳይ ጉዳይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 የፔንሲልቬንያ ግዛት የልብ ቀዶ ሐኪሞችን ውጤት በሕሙማን ሞት እያነፃፀረ ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ዓላማው ሠራተኛን መመዘን ሳይሆን ለሕዝብ መረጃ መስጠት ነበር፤ የሕሙማኑም የሕመም ክብደት በስሌቱ ውስጥ ገብቷል። ሆኖም በ1996 በታተመ ጥናት፣ ከተጠየቁት የልብ ቀዶ ሐኪሞች 63 ከመቶው እጅግ የታመሙትን ለመቀበል ፈቃደኝነታቸው መቀነሱን ተናግረዋል። የንጽጽሩን ዋጋ የከፈለው እንግዲህ ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን በሽተኛውም ጭምር ነው።

ማይክሮሶፍትም በበኩሉ ለዓመታት የሠራበትን የደረጃ ድልድል እ.ኤ.አ. በ2013 አስቀርቷል፤ ሠራተኞች ከተፎካካሪ ኩባንያዎች ይልቅ እርስ በርስ ይፎካከራሉ የሚል ወቀሳ በርትቶበት ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምዘና ይቅር የሚል አይደለም። ስድስት ሰዎች በተርታ ከቆሙ፣ ሁሉም ብርቱዎች ቢሆኑ እንኳ አንዱ ስድስተኛ መሆኑ አይቀርም። የሕፃን ደም ሥር በማግኘት የተካነች ነርስም፣ ጥበቧን ለባልደረባዋ ማስተማር ደረጃዋን የሚያሳጣት ከሆነ ዝምታን ልትመርጥ ትችላለች። ስለሆነም እያንዳንዱ ባለሙያ ከባልደረባው ጋር ሳይሆን ከሥራው መስፈርት ጋር ቢነፃፀር፣ ጉድለቱም ዓመቱ እስኪያልቅ ሳይቆይ በጊዜው ቢነገረው ይበጃል። ከዚያ በፊት ግን ኃላፊው ሣጥኑን ይመርምር፤ በሌሊት ስንት ነርስ አለ? ስንት አልጋ ተይዟል? ኦክስጅኑስ?

ለእኚያ ነርስ ያን ጊዜ መስጠት የነበረብኝ መልስ ይህ ነበር።