«ኢምፕላይ» እና «ኢንፈር»፦ ማን አለ? ማን ተረዳ?

ጓደኛችሁን «ምሳ በላህ?» ብላችሁ ጠየቃችሁት እንበል። «ኧረ እኔ ከጠዋት ጀምሮ ስሯሯጥ ነው የዋልኩት» አላችሁ። አልበላሁም አላለም። ግን እንዳልበላ ገባችሁ አይደል? በዚች አጭር ወሬ ውስጥ ሁለት የእንግሊዝኛ ግሶች አሉ። ብዙዎቻችን ደግሞ እናምታታቸዋለን።

👉 ኢምፕላይ የተናጋሪው ሥራ ነው። አንድን ነገር በግልጽ ሳይሉ በተዘዋዋሪ ማስተላለፍ ማለት ነው።

👉 ኢንፈር የሰሚው ወይም የአንባቢው ሥራ ነው። ከተባለው ተነስቶ ያልተባለውን መረዳት፣ መደምደም ማለት ነው።

ስለዚህ ጓደኛችሁ ኢምፕላይ አደረገ፤ እናንተ ኢንፈር አደረጋችሁ።

🔹 ቃሉ ከየት መጣ?

ኢምፕላይ ሥሩ ላቲን ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። የላቲኑ ቃል ወደ ውስጥ ማጠፍ፣ መጠቅለል ማለት ነው። እናቶቻችን ነጠላቸው ጫፍ ላይ የሚቋጥሩትን ብር አስቡት፤ አይታይም፣ ግን እዛው አለ።

ሐሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም። በሰምና ወርቅ ባለቅኔው ወርቁን ሰሙ ውስጥ ይደብቃል፤ ሰሚው ፈልጎ ያወጣዋል። የባለቅኔው ኢምፕላይ፣ የሰሚው ኢንፈር ነው። ልዩነቱ፣ ኢምፕላይ ለማድረግ ቅኔ መቻል አያስፈልግም፤ ተራ ወሬም ይበቃል።

🔹 አረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት ይገባል?

✅ ብዙ ጊዜ «ዛት» ይከተለዋል፦ «ሺ ኢምፕላይድ ዛት ሂ ወዝ ሌት»፤ እንደዘገየ በተዘዋዋሪ ተናገረች።

❌ «ሺ ኢምፕላይድ ሚ ዛት» አይባልም። ለማን እንደተነገረ ለመጥቀስ «ቱ» ይጨመራል፦ «ሺ ኢምፕላይድ ቱ ሚ ዛት»።

✅ «አር ዩ ኢምፕላዪንግ ዛት አይ ላይድ?» ማለት «ዋሽተሃል እያልከኝ ነው?» ነው። ቆጣ ያለ ጥያቄ ስለሆነ ቦታ ምረጡለት።

✅ ኢንፈር ደግሞ «ፍሮም» ይወዳል፤ ከምን ተነስታችሁ እንደተረዳችሁ ያሳያል።

ኢምፕላይ ሒሳብ ላይም አለ፤ «ሀ እውነት ከሆነ ለ እውነት ነው» የምትለዋ ቀስት እሱ ነው። ቀስቷ ግን ወደ ኋላ አትሄድም። ዝናብ ከዘነበ ግቢው ይረጥባል፤ ግቢው ስለረጠበ ግን ዘንቧል ማለት አይደለም። ሰው ውሃ ደፍቶበት ይሆናላ!

🔹 ፈተና ላይ

በእንግሊዝኛ የንባብ ጥያቄ «ጸሐፊው ምን ኢምፕላይ አደረገ?» ከተባላችሁ፣ ጽሑፉ ላይ ቃል በቃል የሰፈረውን ምርጫ ቶሎ አትክበቡ፤ እሱ በግልጽ የተባለ ነው። ከጽሑፉ አልፎ የሄደውንም ተዉት። መልሱ ያልተጻፈ፣ ግን ከጽሑፉ ውስጥ ይሄ ነው ብላችሁ የምታሳዩት ማስረጃ ያለው ነው። «ከምንባቡ ምን ኢንፈር ይደረጋል?» ቢባልም መንገዱ ያው ነው።

በወሬ እንግሊዝኛ ኢንፈርን በኢምፕላይ ቦታ የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ። ፈተናና ማመልከቻ ላይ ግን ለይቶ መጻፉ ይሻላል።

🔹 ስልካችን ላይስ?

ትልቁ ጣጣ እዚህ ነው። አንድ ኃላፊ «ነዳጅ ይጨምራል አይጨምርም ለማለት ጊዜው ገና ነው» ይላል እንበል። አንዱ ገጽ «ነዳጅ ሊጨምር እንደሚችል ጠቆሙ» ብሎ ይጽፋል። ሌላው ያንን አይቶ «ነዳጅ ሊጨምር ነው አሉ» ይላል። ማታ ማደያው ላይ ሰልፍ ነው። ሰውየው ግን ይጨምራል አላሉም፤ የመጀመሪያው ገጽ የተረዳውን እሳቸው እንደጠቆሙት አድርጎ ጻፈ፣ ሁለተኛው ደግሞ እንደተናገሩት አደረገው።

የተረዳነው ልክ ሊሆን ይችላል፤ ስህተትም ሊሆን ይችላል። ስህተት ከሆነ ተጠያቂው ሁልጊዜ ተናጋሪው አይደለም። ስለዚህ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ፦ ሰውየው ብሏል፣ ጠቁሟል፣ ወይስ እኔ ነኝ የተረዳሁት?

ለፈተና ለሚዘጋጅ ጓደኛችሁ አድርሱለት 🙏