ጥቅምት 23፦ የፕሬዚዳንት ፊርማ ከሚሴ መንገድ ላይ ሲደርስ

ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር። በዚያ ቀን የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዲስ አበባ ላይ በመላ አገሪቱ የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደነገገ። በዚያው ቀን ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ከዋሽንግተን ለአሜሪካ ኮንግረስ በጻፉት ደብዳቤ ኢትዮጵያ፣ ጊኒና ማሊ አጎዋ ከተባለው የቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል እንደሚሰረዙ አሳወቁ። በዚያው ሳምንት ደሴና ኮምቦልቻ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገብተው ነበር። የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊትም ከሚሴን መያዙን አስታወቀ።

ከሚሴ ላይ ሱቅ ከፍቶ የሚያድር ሰው ከሦስቱ በአንዱም አልተጠየቀም። ሦስቱም ግን በሩ ድረስ መጡበት።

ከሚሴ የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ዋና መንገድ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ከወደ ደቡብ የእሑዱ የሰንበቴ ገበያ አለ። በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት የባቲ የሰኞ ገበያ አለ። የጨፋ ሜዳ ከብት፣ የደዋ ጨፋና የአርጡማ ፉርሲ ማሽላ የሚሸጠው በዚህ መንገድ ነው። በስተሰሜን የመኪና መንገድ ሄዶ ኮምቦልቻ ይገኛል፤ በሐምሌ 2009 የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለባት ከተማ። የአካባቢው ወጣቶች፣ በተለይ ሴቶች፣ ስፌት ተምረው ደመወዝተኛ የሚሆኑባት ቦታ ትሆናለች ተብሎ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ጋር የዋሽንግተን ደብዳቤ ምን አገናኘው?

አጎዋ በ1992 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የፈረሙት ሕግ ነው። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች ብዙ ዓይነት ሸቀጥ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ ይፈቅዳል። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለውን የሚወስነው ግን ፕሬዚዳንቱ ነው። ኮንግረሱ ድምፅ አይሰጥበትም። ፕሬዚዳንቱ አንድን አገር ከማስወጣቱ 60 ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ ብቻ ይጠበቅበታል። ደብዳቤው ጥቅምት 23 የተጻፈውም ለዚህ ነው። ከዚያ ቀን 60 ቀን ሲቆጠር የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014፣ ይመጣል። ኢትዮጵያም በዚያ ቀን ወጣች። የተሰጠው ምክንያት በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመ ከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ነበር።

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ፊርማ በኢትዮጵያ ሰው ላይ ሲያርፍ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ከሁለት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በገለልተኝነት ሕጉ መሠረት ለሁለቱም ተዋጊዎች የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ አወጁ። በወረቀት ላይ ሁለቱም እኩል ተከለከሉ። ጣሊያን ግን የራሷ የመሣሪያ ፋብሪካ ነበራት፤ ኢትዮጵያ አልነበራትም። ነዳጅ ደግሞ በክልከላው አልተካተተም። ነጋዴዎች በገዛ ፈቃዳቸው እንዲታቀቡ ፕሬዚዳንቱ ቢመክሩም የአሜሪካ ነዳጅ ወደ ጣሊያን መጫኑን ቀጠለ። ኅዳር 26 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ለሁለቱም እኩል ነው የተባለው እገዳ ክብደቱ ያረፈው በደካማው ላይ ነበር።

በ2014ም የሆነው ከዚህ ብዙ አይለይም። ጉዳዩን ይበልጥ ግልጽ የሚያደርገው ግን ባይደን ከአጎዋው ደብዳቤ ቀደም ብለው የፈረሙት ሌላ ሰነድ ነው። መስከረም 7 ቀን 2014 የወጣው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ቁጥር 14046 ጦርነቱን በሚያራዝሙ ግለሰቦችና ተቋማት ላይ ማዕቀብ ለመጣል የሚያስችል ነበር። የኢትዮጵያንና የኤርትራን መንግሥታት፣ ሕወሓትንና የአማራ ክልል መንግሥትን በስም ጠቅሷል። ከትእዛዙ ጋር የወጣው ማብራሪያ ዒላማው ሕዝቡ እንዳልሆነ፣ ዘመድ ለዘመዱ የሚልከው ገንዘብ፣ ሰብዓዊ እርዳታና ንግድ እንደማይነኩ ይናገር ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ የመጣው ደብዳቤ የነካው ግን ንግዱን ነው። የመጀመሪያው ሰነድ ባለሥልጣንን ከሠራተኛ ይለያል። ሁለተኛው አገርን በጅምላ ይጠራል። አገር በጅምላ ሲጠራ ደግሞ «አቤት» የሚለው ባለሥልጣኑ አይደለም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ያለ አጎዋ የጥጥ ቲሸርት ወደ አሜሪካ ሲገባ 16.5 በመቶ፣ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው ደግሞ 32 በመቶ ቀረጥ ይከፈልበታል። ገዢው ኩባንያ ይህን ከኪሱ አይሸፍንም፤ ትእዛዙን ወደ ሌላ አገር ያዞራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዳሳየው የሐዋሳ ፓርክ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። ከዚህ ላይ ምን ይቀነሳል? የሚቀነሰው ሠራተኛዋ ራሷ ናት። በወቅቱ ዋና የንግድ ተደራዳሪ የነበሩት ማሞ ምሕረቱ 200 ሺህ ያህል ቀጥተኛ የሥራ ዕድል አደጋ ላይ እንደሚወድቅ አስጠንቅቀው ነበር። የካልቪን ክላይን ባለቤት የሆነው ፒቪኤችም በዚያው ኅዳር የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ።

ለኮምቦልቻ ጉዳቱ ድርብ ነበር። ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ ገብቶ ፓርኩን ዘርፎ ወጣ። ኅዳር 27 መንግሥት ደሴንና ኮምቦልቻን መልሶ መያዙን ሲያስታውቅ አጎዋ ሊዘጋ አንድ ወር አልቀረውም። የተዘረፈ መጋዘን ይጠገናል፤ ባለሀብት ተመልሶ የሚመጣው ግን ገበያ ካለ ነው።

ሁሉንም በዋሽንግተን ማሳበብ ግን ራስን መሸወድ ይሆናል። በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ የወጣው አዋጅም የአስፈጻሚው አካል ውሳኔ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 ይህን ሥልጣን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ይሰጣል፤ ፓርላማው ከሁለት ቀን በኋላ አጸደቀው። ሰዓት እላፊ ማወጅ፣ መንገድ መዝጋት፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝና መፈተሽ ተፈቀደ። እንደ ከሚሴ ያለ ከተማ ደግሞ የሚኖረው በመንገድ ነው። መኪና ሲቆም ጫኝና አውራጁ ይቆማል፣ ጎሚስታው ይቆማል፣ ሻይ ቤቱ ይዘጋል፣ ሰንበቴ የወጣ ከብት ገዢ አጥቶ ወደ ጨፋ ይመለሳል። በሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ተራዝሞ 10 ወር ቆየ።

ሆኖም በሁለቱ መካከል አንድ ልዩነት አለ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የማብቂያ ቀን ተጽፎለት ይወጣል። የ2014ቱ ለስድስት ወር ታውጆ የካቲት 8 ቀን፣ ጊዜው ሳያልቅ፣ በፓርላማ ተነሣ። የአጎዋው ደብዳቤ ግን ማብቂያ ቀን አልነበረውም። መንግሥትና ሕወሓት ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት የፈረሙት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው፤ ደብዳቤው በተጻፈ ልክ በዓመቱ። ጦርነቱን የሚያስቆም ፊርማ ተገኘ፤ የኢትዮጵያ ስም ግን ወደ መዝገቡ አልተመለሰም። ሕጉ ራሱ መስከረም 20 ቀን 2018 ጊዜው እስኪያበቃ ድረስ አልተመለሰም። ለመውጣት 60 ቀን በቅቷል። ለመመለስ ግን ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልበቃም።

ጥር 12 ቀን 2017 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የውጭ እርዳታን ለ90 ቀን ባገዱ ጊዜም ነገሩ ተደገመ። «ለጊዜው» የተባለው እገዳ ሳይነሣ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ሰኔ 24 ተዘጋ።

ከእንግዲህ ከማንኛውም ቤተ መንግሥት እንዲህ ያለ ወረቀት ሲወጣ መጠየቅ ያለበት ማን ፈረመ የሚለው ብቻ አይደለም። በማን ስም ተጻፈ፣ ማን ይከፍላል፣ የሚነሣውስ ምን ሲሟላና በስንት ቀን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከሌለው የዛሬው ፈራሚ ከሥልጣን ከወረደ በኋላም ዕዳውን የምትከፍለው ከከሚሴ ወጥታ ኮምቦልቻ ስፌት የተማረችው ልጅ ናት።